የባለጋሪው ሚስት ፍላጎት

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የናዝሬት ሙቀት ሰውን ከጥላ ጥላ በሚያሯሩጥበት በሚያዝያ ወር፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ መርጋ ባለትዳሮችን በሙሉ ወደ አዳራሽ ጠራ። ሕዝቡ ጥሪ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው መዋጮን ስለነበር ግማሹ ታምሜያለሁ ብሎ ቀረ። በላይነሽና ባሏ ባጫ ግን ሄዱ። ባጫ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ በፈረስ ጋሪ ሰው የሚያመላልስ የሁሩታ ተወላጅ ነው፤ ጋሪው በማኅበር የተመዘገበ ስለሆነ ከቀበሌው ጋር መቀያየም አይፈልግም።

አዳራሹ ውስጥ የጠበቃቸው መዋጮ አልነበረም። የሺዓለም የምትባል፣ ጸጉሯን ያጎፈረች ቀጭን ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ተቀምጣለች። የሰውን ጠባይ ነው የምታጠናው። ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው ለራሳቸው ምን እንደሚመኙ፣ አንዱስ የሌላውን ምኞት ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ትፈልጋለች።

ጓድ መርጋ ቀድሞ ተነሣና መልሱን ለሕዝቡ አደለ።

"ሴቶች! ምን ትፈልጋላችሁ ስትባሉ 'መደራጀት' ትላላችሁ። ወንዶች! ሚስታችሁ ምን ትፈልጋለች ስትባሉ 'መደራጀት' ትላላችሁ። ግልጽ ነው?"

"ግልጽ ነው!" አለ ሕዝቡ።

የሺዓለም ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ የምጠይቀው አንድ በአንድ ነው፤ ብቻዬን" አለች። "የሰማሁትን ለማንም አልናገርም። ሚስት ያለችውን ለባል፣ ባል ያለውን ለሚስት አልነግርም። ለእርስዎም ቢሆን።"

የበላይነሽ ተራ ደረሰና ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ገባች።

"እትዬ በላይነሽ፣ በሚመጣው ዓመት ለራስዎ እንዲሆንልዎ የሚፈልጉት ምንድን ነው?"

"ልጆቼ ፈተናውን እንዲያልፉልኝ።"

"እሱ ለልጆችዎ ነው። ለራስዎስ?"

"የባጫ ጉልበት ቢሻለው።"

"እሱም ለባለቤትዎ ነው።"

"ለእኔም ነው እንጂ! ሲያቃስት የምሰማው ማን ሆነና?"

የሺዓለም ሳቀች፤ ግን አልለቀቀቻትም። "ለእርስዎ ለብቻዎ፤ ለሌላ ሰው የማይተርፍ ነገር።"

በላይነሽ አርባ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም፤ ለሌላ ሰው የማይተርፍ ምኞት ግን ፈልጋ አታውቅም። አሁን ብትፈልግ፣ ብትፈልግ ጠፋ። ልጅቷ ብዕሯን ይዛ ትጠብቃለች። በላይነሽ አፈረች፤ እንግዳ መጥቶባት ቤቷ ውስጥ የሚቀመስ እንዳጣች ያህል አፈረች። በመጨረሻ ጎረቤት ቤት ያየችው ዕቃ ትዝ አላትና፣ "ቡፌ ይሁን በቃ፤ ባለመስታወት ቡፌ" አለች።

"ባለቤትዎስ ምን የሚፈልጉ ይመስልዎታል?"

ይኼኔ አፏ ተከፈተ። "ለጋሪው ጎማ። ለጉልበቱ መድኃኒት። ዝናብ ቶሎ እንዲመጣ፣ አቧራው ፈረሱን ያስለዋላ። ጓደኛውን ጆቴን አንድ ቀን እንኳ በዳማ መርታት። ሁሩታ ሄዶ እናቱን ማየት። ደግሞ ምሳ ሲበላ ማንም እንዳያናግረው…"

"ቀስ ይበሉልኝ" አለች የሺዓለም፤ እጇ አልደርስ ብሏት።

ቀጥሎ ባጫ ገባ። ገብቶ ለመቀመጥ ጊዜ ያገኘ እንኳ አይመስልም፤ ወዲያው ወጣ።

ማታ ራት ላይ ጠየቃት። "ምን አልሻት?"

"ምስጢር ነው ብላለች እኮ።"

"ከባል ይደበቃል እንዴ? እኔ ሚስትህ ምን ትፈልጋለች ስትለኝ ሳላስብ 'ቡፌ' ነው ያልኳት። ልክ ነኝ አይደል?"

ልክ ነህ ልትለው ነበር። ቃሉ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ደርሷል። ባጫ ግን አልጠበቃትም፤ ጎረሰና ቀጠለ። "ኤዬ! ሴት ከቡፌ ሌላ ምን ታስባለች? ደግሞ አሁን አይሆንም፤ ለከርሞ እናያለን።"

እንዲህ ነው እንግዲህ። ምኞቷን እሱ ጠየቀ፣ እሱ መለሰ፣ እሱው ቀጠሮ ሰጠ። በላይነሽ ከንፈሯ ላይ የደረሰውን ቃል መልሳ ዋጠችው።

"ቡፌ?" አለችና ሳቀች።

የባጫ ጉርሻ አየር ላይ ቆመ። "ምን ያስቅሻል?"

"ምንም።"

"ቡፌ አይደለም እንዴ?"

"እኔ ምን ወጣኝ? ይልቅ ብላ፣ ወጡ ይቀዘቅዛል።"

ባጫ በማግስቱ ነገሩን በባለጋሪዎቹ ጥላ ሥር ለሚቀመጡት ለነጆቴ አነሣ። ጆቴ ሦስት ጊዜ አግብቶ ሦስት ጊዜ የፈታ ሰው ስለሆነ በዚህ ጉዳይ እንደ ሊቅ ይቆጠራል።

"ሚስት የማትናገረው ምኞት ሁለት ብቻ ነው" አለ ጆቴ። "ወይ ወርቅ ነው፣ ወይ መፋታት።"

ባጫ ወርቅ የሚገዛበት አቅም የለውም፤ መፋታቱን ደግሞ ሊያስበው አልፈለገም። እናም መካከለኛ መንገድ ፈልጎ ባለአበባ ሻሽ ገዝቶ ገባ።

"ይሄ ነው?"

"ታምራለች፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አይደለም።"

ከዚያ፣ ውሃ መቅዳቱ ሰልችቷት ይሆናል ብሎ ባልዲ አንጠልጥሎ ቦኖ ወረደ። ወረፋ የያዙት ሴቶች ወሬያቸውን አቋርጠው አዩት። ባጫ ወደ ሰማይ እያየ እንደማያውቃቸው ሆኖ ቀዳና ግማሹን መንገድ ላይ እየደፋ ተመለሰ። "ይሄ ነው?" "አይደለም።" ሌላ ቀን ደግሞ በዘዴ ሊይዛት ሞከረ። "ያቺ ልጅ መንገድ ላይ አግኝታኝ ነገረችኝ" አለ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። "ታዲያ ከነገረችህ ምን ያስጨንቅሃል?" አለችው በላይነሽ ሽንኩርቷን እየከተፈች። ባጫ ወጥቶ ሄደ።

በላይነሽ ውሸት አትወድም። በዚህ ሁሉ አንድም ቀን አልዋሸችም። ሻሽ ነው ወይ ሲላት አይደለም ትላለች፤ አይደለምም። ቡፌን ግን በዚያች ሳቅ ምክንያት ከሐሳቡ አውጥቶ ስለጣለው ዳግመኛ አልጠየቃትም። አንዳንዴ ያሳዝናታል፤ ልንገረውና ይረፍ ትላለች። ጠዋት ተነሥቶ ዓይኑን ፊቷ ላይ ሲያሳርፍ ግን ሐሳቧን ትቀይራለች። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ አይቷት አያውቅም። ድሮ የሚያየው ሳህኑን ነበር።

በግንቦት አጋማሽ፣ ጠዋት ፈረሱን በመጥመድ ፈንታ የክት ሸሚዙን ለበሰና፣ "ተነሽ፣ ሶደሬ እንሄዳለን" አላት። በአውቶቡስ ሄዱ። በላይነሽ እግሯን ፍል ውሃው ውስጥ ነክራ እስከ ከሰዓት ዋለች፤ የውሃው ሙቀት በተረከዟ ገብቶ እስከ ወገቧ ሲወጣ ይሰማታል። ባጫ ዳቦውን ፈቶ ሊቆርስ ሲል አንዲት ጦጣ ከዛፍ ወርዳ ከእጁ መነጨቀችውና ቅርንጫፍ ላይ ወጥታ፣ እያየችው በላችው። በላይነሽ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

"ይሄ ነው አይደል?" አለ ባጫ በተስፋ።

"በጣም ደስ ይላል።"

"ነው ወይ ግን?"

"አይደለም።"

ይህን ጉድ ለብቻዋ ልትይዘው አልቻለችም፤ ለጎረቤቷ ለዙሀራ ነገረቻት። ዙሀራ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። የዙሀራ ባል ሙክታር ገበያው ዳር በሲንጀር መኪና ልብስ ይሰፋል፤ ለከተማው ሴት ሁሉ ቀሚስ ሰፍቷል፣ ለሚስቱ ግን አንድም ሰፍቶላት አያውቅም። "እኔንም እኮ ምን አልሻት እያለ ይጠይቀኛል" አለች ዙሀራ። "እኔ ጅሏ ዛሬ ማታ ልነግረው ነበር!" አልነገረችውም። በሁለተኛው ሳምንት ሙክታር ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ትከሻዋን ሊለካ መጣ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በቦኖው ዙሪያ ተዛመተ። ክረምቱ ሲገባ በዚያ ቀበሌ ሚስቱ ምን እንዳለች የሚያውቅ ባል አልተገኘም። አንዱ ጣራ ይደፍናል፣ አንዱ ልጅ አዝሎ ይዞራል፣ አንዱ ሚስቱን መሠረተ ትምህርት ድረስ ሸኝቶ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ወንዶቹ ጠጅ ቤት ሲገናኙ ግምት ይለዋወጣሉ። "ጫማ ሞክረሃል?" "ሞከርኩ፣ አይደለም።"

ባጫ ግን የሚሞክረው አለቀበት። አንድ ቅዳሜ ማታ ጋሪውን እያጠበ ሳለ በብስጭት፣ "ወይስ ጉራቻን መንዳት ነው የሚያምርሽ?" አላት። ጉራቻ ጥቁሩ ፈረስ ነው። በላይነሽ እንዲህ ያለ ነገር በሕልሟም አይታ አታውቅም፤ ስለዚህ የምትለው አጣችና ዝም አለች። ባጫ ዝምታዋን አየ። መጥረጊያውን ጣለ።

በነጋታው እሑድ በአሰላ መንገድ ከከተማው አውጥቷት፣ ሰው በማያይበት ሜዳ ላይ ልጓሙን አስጨበጣት። "አትጎትቺው። አፉ ላይ ያለውን ብረት አስቢ። እንደ ሰው እጅ ነው የምትይዢው" አላት። ጉራቻ ጠዋት ጠዋት የምትመግበውን ሴት ድምፅ ያውቃል፤ "ሂድ" ስትለው ሄደ። በላይነሽ በጋሪ ስትቀመጥ ዕድሜዋን ሙሉ ከኋላ ነው፤ የምታየውም የባጫን ጀርባ ነበር። አሁን ከፊቷ ያለው የፈረሱ ሁለት ጆሮና መንገዱ ብቻ ነው። ቀኝ ስትል ቀኝ ሆነ። ግራ ስትል ግራ ሆነ። ጩኺ ጩኺ አላት። ልጓሙን የመለሰችለት ከተማው አፍ ላይ ሲደርሱ ነው፤ እሱንም ሁለቴ ከጠየቃት በኋላ።

"ይሄ ነው?" አለ ባጫ።

በላይነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ አዎ ማለት አማራት። ግን ለየሺዓለም ያለችው ይህን አይደለም፤ ውሸት ደግሞ አትወድም።

"አልነበረም" አለች።

ባጫ 'አይደለም' እና 'አልነበረም' መለያየታቸውን አላስተዋለም። በላይነሽ ግን አስተዋለች፤ እናም ጨነቃት። እስካሁን ምኞት ሳይኖራት ስትጫወት ከርማለች። አሁን እውነተኛ ምኞት መጣባት፤ ልናገረው ብትል ጨዋታው ያልቃል፣ ባትናገረው ልጓሙ የለም። ለጊዜው መሐል መንገዱን ያዘች። "እስቲ የሚመጣው እሑድም እንሞክር" ትላለች። ባጫም እሺ ይላል።

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ባጫን ወባ ጣለው። ብርድ ልብስ ሁሉ ተደርቦለት ጥርሱ ይንገጫገጫል። ቀኑ የገበያ ቀን ነው። በላይነሽ መድኃኒቱን አስዋጠችው፣ ላቡን ጠረገችለትና ወጥታ ጉራቻን ጠመደችው። መናኸሪያ ስትደርስ ባለጋሪዎቹ ዞረው አዩዋት።

"ባጫ ሞተ እንዴ?" አለ ጆቴ።

"ወባ ነው እንጂ ምን ሞተ!"

"ታዲያ ፈረሱም ቢያርፍ ምናለበት?"

"ፈረሱን ወባ አልያዘውማ።"

ተሳፋሪው ሁሉ የሌሎቹን ጋሪ እየመረጠ ሄደ፤ እሷ ብቻዋን ቀረች። ይሄኔ ጓድ መርጋ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ስብሰባ አለበት፤ ረፍዷል፣ ሌላ ጋሪ ደግሞ የለም።

"ጓድ መርጋ፣ ላድርስዎት?"

ጓድ መርጋ ግራ ቀኙን አየ። ሰው አለመኖሩን አረጋግጦ ወጣና ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ሳበው። መንገዱን ሙሉ እንደ ዕቃ ተሸማቆ ሄደ። የአውራጃው በር ላይ ሲደርሱ ግን ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ትልቅ ኃላፊ ከመኪናው እየወረደ ነበር። ሰውየው በላይነሽን አይቶ አጨበጨበ።

"ሴት ባለጋሪ! ከየትኛው ቀበሌ ናት?"

ጓድ መርጋ ኮፍያውን ወደ ላይ አደረገና ደረቱን ነፋ። "የእኛ ቀበሌ ናት፣ ጓድ! በተከታታይ ባካሄድነው ጥልቅ የንቃት ሥራ…"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በላይነሽን ከጋሪው ውረጂ ሊል የሚደፍር አልተገኘም። ባጫ እስኪያገግም ድረስ ነዳች። ሲያገግም ግን ልጓሙን መልሳ ሰጠችው፤ የጉራቻ ኮቴ ከሰፈር ሲርቅ እየሰማች ደጅ ቆማ ቀረች። ያን ቀን ወጡ አረረባት።

በኅዳር የሺዓለም ለሁለተኛ ዙር ጥያቄ ተመልሳ መጣች። ጓድ መርጋ ተቀብሎ ብዙ አስረዳት፤ በዚህ ቀበሌ ባሎች ውሃ እንደሚቀዱ፣ ይህም የማን ሥራ ውጤት እንደሆነ። ልጅቷ ግራ ገብቷት በላይነሽን አስጠራቻት።

"እትዬ በላይነሽ፣ እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ። ወንዶቹን ምን ነካቸው?"

በላይነሽ በሩ መዘጋቱን አይታ ከሳቋ ጀምራ ነገረቻት፤ ሻሹን፣ ቦኖውን፣ ጦጣዋን። የሺዓለም ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ሳቀች። ቀና ስትል ግን ግማሽ ፊቷ ደንግጧል።

"ጥናቴን እኮ አበላሻችሁት! እኔ የመጣሁት ምን እንደምትፈልጉ ለማወቅ ነበር፤ ለመለወጥ አልነበረም።"

"ታዲያ ምን ላድርግሽ ልጄ፤ ካልጠየቅሽኝ መቼ አስቤው አውቅ ነበር?"

የሺዓለም ብዕሯን አነሣች። "እሺ፤ አሁንስ ለራስዎ ምን ይፈልጋሉ?"

"በገበያ ቀን ጋሪውን እኔ መንዳት" አለች በላይነሽ ሳትውል ሳታድር። "በሌላው ቀን እሱ ይንዳ።"

ባጫም ተጠይቆ ወጣና አብረው በጋሪው ወደ ቤት አመሩ። ፊቱ ጠቁሯል። ገበያውን አልፈው ሲሄዱ፣ "አላውቅም አልኳት" አለ።

"ምኑን?"

"ሚስትህ ምን ትፈልጋለች አለችኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ገምቼ ያላገኘሁትን ምን ልበላት? አላውቅም፣ እሷን ጠይቂያት አልኳት።"

በላይነሽ ከዚህ በላይ መያዝ አልቻለችም።

"ቡፌ ነበር" አለች።

ባጫ ጉራቻን መንገዱ መሐል ላይ አቆመው። ከኋላ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ነፋ፤ አልሰማውም።

"ምን?"

"ያኔ ቡፌ ነው ያልኳት። ልክ ነበርክ።"

"ሶደሬስ? ውሃውስ? ጦጣ የበላችው ዳቦዬስ?"

"አንተ ቡፌ ነው ወይ ብለህ መልሰህ አልጠየቅከኝም። አሁን ግን ቡፌ አልፈልግም።"

"ማል ፌታ!" አለ ባጫ፤ ሲናደድ ኦሮምኛው ይቀድመዋል። "ምንድን ነው የምትፈልጊው ታዲያ?"

ነገረችው። ቤት አድርሷት ጋሪውን አዙሮ ሄደ። በላይነሽ ራቱን ከድና ተቀመጠች፤ ዛሬስ አበዛሁት አለች። ባጫ ግን ሲመለስ ጆሮው ድረስ እየሳቀ ነው።

"ለጆቴ ነገርኩት! ለሁሉም ነገርኳቸው! ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ አውቄው ነበር እኮ! ሳላስብ ነው ያልኩት፣ ቡፌ!" እጁን ታጥቦ ቀረበ። "የገበያ ቀኑን ውሰጂው። ጉልበቴም ይረፍበት። ግን ጆቴ ከጠየቀሽ፣ ባጫ ነው ያስተማረኝ በይው።"

"አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ?"

"ቢሆንም። ጮክ ብለሽ በይ።"

ወሬው በአንድ ሌሊት ቀበሌውን አዳረሰው። ባሎች ሁሉ የመጀመሪያ ግምታቸው ትዝ አላቸውና፣ እኛም ልክ ሳንሆን አንቀርም ብለው ባልዲያቸውን አስቀመጡ። በነጋታው ቦኖ ስትወርድ ሴቶቹ በላይነሽን በሰላምታ ፈንታ በግልምጫ ተቀበሏት።

በገበያው ቀን ዙሀራ እያኮረፈች ጋሪው ላይ ወጣች። "እስከ መውሊድ እንኳ ብትታገሺኝ ምን ነበረበት? ቀሚሱ እኮ አንድ እጅጌ ብቻ ነው የቀረው። ትናንት አጣጥፎ መደርደሪያ ላይ ሰቀለው።"

"አጥብቀሽ ያዢ" አለቻት በላይነሽ።

ጉራቻን ወደ ልብስ ሰፊዎቹ መደዳ አዞረችውና ከሙክታር የስፌት መኪና ፊት ለፊት አቆመችው። ቀኑ ቅዳሜ ስለሆነ መንገዱ በሰው ተሞልቷል።

"ጋሽ ሙክታር!" አለች፣ ከጋሪው ሳትወርድ፣ ድምፅዋን ለገበያው ሁሉ ለቅቃ። "ለሚስትህ የሰፋህላትን ቀሚስ እንድታሳየን ብሎ ሰው ሁሉ ለመነኝ። ናዝሬት ውስጥ እንደሱ ያለ እጅጌ የሚያወጣ የለም አሉ። እውነት ነው?"

ሰው ዞሮ አየ። ሁለት ሴቶች ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ቀረብ አሉ። ሙክታር አንዴ በላይነሽን፣ አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ መደርደሪያውን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ቀሚሱን አወረደ፤ ተቀምጦም መኪናውን መርገጥ ጀመረ።

"ትጠብቂኛለሽ ወይስ ትሄጃለሽ?" አለች ዙሀራ ከጋሪው እየወረደች።

"ልሂድ፤ ተሳፋሪ አለብኝ" አለች በላይነሽ፤ ልጓሙንም ላላ አደረገችው።